የባስ ዘንግ በሁዳዴ ገበያ

ሐሙስ ማታ

የአክስቴ ልጅ ከአትላንታ ሲገባ ከሻንጣዎቹ ይልቅ ሰው ሁሉ የሚያየው አንድ ረጅም ጥቁር ቱቦ ነበር። ቦሌ መውጫ ላይ አንድ ዕቃ ተሸካሚ ቱቦውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና "ምንድን ነው ወንድሜ?" አለው።

"የዓሳ ማጥመጃ ዘንግ።"

"አዲስ አበባ ላይ ምን ልታጠምድበት?"

ዕቅዳችን አርባ ምንጭ ወርደን ጫሞ ሐይቅ ላይ ማጥመድ ነው። መኪናው የሚነሳው ግን በሳምንቱ መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ፒያሳ አካባቢ ፔንሲዮን ይዘን እንቆያለን። እኔ የመጣሁት ከሐዋሳ ነው። ያደግኩት አሞራ ገደል የዓሳ ገበያ ሥር ስለሆነ ዓሳ ሲገፈፍ ማየት ለእኔ ብርቅ አይደለም። እሱ ደግሞ ልጅ ሆኖ ነው የሄደው። ማጥመድ የተማረው ጆርጂያ ውስጥ ነው። እዚያ ዓሳ ማጥመድ ሲባል በቃ ባስ ነው። ላርጅማውዝ ባስ የሚሉት ባለ ትልቅ አፉ ዝርያ የጆርጂያ ግዛት ኦፊሴላዊ ዓሳ ነው።

ከቦሌ ስንመጣ መንገዱን አላወቀውም። ፒያሳ ስንደርስማ ጭራሽ ዝም አለ። የድሮ ሱቆች የነበሩበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ሆኗል። የዓድዋ ድል መታሰቢያም ግዙፍ ሆኖ ቆሟል። "ልጅ ሳለሁ ኬክ የምንበላበት ቤት የት ሄደ?" አለኝ። እኔም ልጠይቀው የነበረው እሱኑ ነው።

ክፍል ገብተን ዕቃውን አልጋ ላይ ዘረገፈው። ሐምራዊ የላስቲክ ትሎች። የትንሽ ዓሳ ቅርጽ ያላቸው፣ ሲጎተቱ ወደ ታች የሚጠልቁ ማታለያዎች። ሲሳብ የሚሽከረከር ቅጠል የመሰለ ብረት ያለው ሌላ ደግሞ። ቀጭን ክር የተጠመጠመበት ማጠንጠኛ። ዘንጉ ቀላል ነው፤ ጫፉ ይርገበገባል።

"ክሩ ስንት ኪሎ ይችላል?" አልኩት።

"አምስት፣ ስድስት ኪሎ። ለባስ ይበቃል።"

"ጫሞ ላይ የምናጠምደው ናይል ፐርች ነው እኮ።"

"እሱም ባስ ነው። ፎቶውን አይቻለሁ፤ አፉም ጀርባውም አንድ ነው።"

እዚህ ላይ ተጋጨን። እኔ አይደለም አልኩ፣ እሱ ነው አለ። ሁለታችንም ደክሞን ስለነበር ነገሩን ለገበያ አሳደርነው።

ዓርብ

ሁዳዴ ነው። ሥጋ ቤቶች ዘግተዋል ወይም ተቀዛቅዘዋል። ዓሳ ቤት በር ላይ ግን ሰልፍ አለ። የአዲስ አበባን ነገር የሚያውቅ አይገረምም። አባቶች ዓሳም በሁዳዴ አይበላም ይላሉ። ከተማው ግን በዓመት ውስጥ ዓሳ በብዛት ከሚበላባቸው ጊዜያት አንዱ ይኸው ጾም ነው። ክርክሩ በየቤቱ አለ፣ በየዓመቱም ይነሳል። እናቴ ብትሰማ ደስ አይላትም፤ እኔ ግን በላሁ።

ከመብላታችን በፊት ወደ አንድ ጥሬ ዓሳ መሸጫ ገባን። ሻጯ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ነጭ ካፖርት ለብሰው በረዶ ላይ ቢላ ያፋጫሉ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አብርቶ እያንዳንዱን ዓሳ ማየት ሲጀምር "ልጄ፣ ሐኪም ነህ እንዴ?" አሉት።

"አይ እትዬ፣ ዘመዱን እየፈለገ ነው" አልኳቸው። ሳቁ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልባችን እንድናገላብጥ ፈቀዱልን።

ፊት ለፊት ያለው ቆሮሶ ነው፤ ቲላፒያ። ለእኔ ይህ የቤት ልጅ ነው፣ የሐዋሳ ሐይቅ የሚታወቀው በእሱ ነው። የአክስቴ ልጅ አንዱን አንስቶ የጀርባ ክንፉን ገለጠ። "ይኸው እሾህ። ባስም እንዲህ ነው።" እሾህ ግን ብዙ ዓሳ አለው። አፍንጫውን እንዲያይ ነገርኩት። ቲላፒያ በእያንዳንዱ ጎን አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ባስ ሁለት ሁለት አለው። እሱም ሳያውቅ የኖረው ነገር አይደለም፤ ብቻ አስቦበት አያውቅም። ቀጥሎ በጎኑ ያለውን መስመር ተከተልን። ዓሳ በጎኑ ከስንጥቡ እስከ ጭራው የሚሄድ መስመር አለው፤ የውሃ ንዝረት የሚሰማው በእሱ ነው። የቲላፒያ መስመር መሐል ላይ ተቋርጦ ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። የባስ ግን ሳይቋረጥ ይሄዳል። የቲላፒያ የጀርባ ክንፍም ከራስ እስከ ጅራት ሳይሰበር የሚሄድ አንድ ክንፍ ነው። አፉ ትንሽ ነው፤ የሚበላው በአብዛኛው አልጌና ጥቃቅን ነገር ስለሆነ ትልቅ አፍ ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ቲላፒያ ወጣ።

አምባዛው ዘንድ ጊዜ አላጠፋንም። ጢም አለው፣ ቅርፊት የለውም። በዚህ ምክንያት አምባዛን የማይበላ ሰው ብዙ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም የሚለው የኦሪት ሕግ ሥር ይዟል። ተቆራርጦና ቆዳው ተገፎ ሲሸጥ ግን ብዙው ሰው አይለየውም። እትዬ እንዴት እንደሚለዩት ጠየቅኳቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን አደረጉልን። የቲላፒያው ስስና ትንሽ ነው፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ መስመር አለ። የአምባዛው ሥጋ ቀላና ጠቆር ይላል፣ ስቡም ይታያል። ሦስተኛው ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ እንደ ጡብ የሚያህል ቁራጭ ነው።

"ይህ ናይል ፐርች ነው። ከአርባ ምንጭ ነው የሚመጣው።"

የአክስቴ ልጅ ዓይኑ በራ። ግን ቁራጭ ነው፤ ጭንቅላት የለ፣ ክንፍ የለ፣ ጭራ የለ። ከቁራጭ ሥጋ ዝርያ ልለይ የሚል ሰው በሥጋው ቀለም ብቻ ይወራረዳል። ሙሉውን ማየት እንደምንፈልግ ስንነግራቸው "ሰኞ ጠዋት በጊዜ ኑ። ከመጣ ሳይቆረጥ ታዩታላችሁ" አሉን።

ምሳችንን ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ ዓሳ ቤት ውስጥ በላን። ለብለብና ጉላሽ አዘዝን፣ ዳጣ ጨመርን። ጎናችን የተቀመጡት ሰዎች ሙሉ ዓሳ ጥብስ ይዘው አጥንቱን እየለዩ በዝምታ ይበላሉ። የቲላፒያ ጥብስ ወሬ አይፈቅድም፤ አጥንቱ ይቆጣል። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ባስ የሚያጠምድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ መልሶ ይለቀዋል አለኝ። ይህን ጮክ ብሎ ሲናገር አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩት። "ምኑ ነው ታዲያ ትርፉ?" የሚል ጥያቄ ፊታቸው ላይ ነበር፤ አፋቸው ግን ሙሉ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት መርካቶ ወረድን። በስድስት ኪሎ ክር ጫሞ መውረድ ልጅን በነጠላ ጫማ ኳስ ሜዳ እንደ መላክ ነው፣ ወፍራም ክር መግዛት ነበረብን። ናይል ፐርች እስከ ሁለት ሜትር የሚረዝም፣ ክብደቱም እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ የሚችል ዓሳ ነው። እንዲህ ያለ ግዙፍ ዓሳ በየቀኑ አይገኝም። መካከለኛው እንኳ ግን ከትልቅ ባስ ይበልጣል።

ሻጩ "ስንት ኪሎ ለሚሆን ዓሳ?" አለን። የአክስቴ ልጅ ደረቱን ነፍቶ "ለሃምሳ" አለ። ሻጩ ከመደርደሪያው ሥር ለመረብ መስፊያ የሚሆን ናይለን ጥቅል አወጣ። ወፍራም ነው፤ በቀጭኑ ማጠንጠኛ ላይ ሲጠመጠም ማጠንጠኛው በአንድ ጊዜ ይሞላል። ውሃ ላይ የሚሮጥ ዓሳ ክር ይፈልጋል። የሚለቀቅ ክር ከሌለ ያለው ዕጣ ሁለት ነው፤ ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ ዘንጉ። ስለዚህ ናይለኑን ለመጨረሻው ሁለት ሜትር ብቻ ልንጠቀምበት ገዛን። የናይል ፐርች የስንጥብ ክዳን ጠርዙ ስለታም ነው፣ ቀጭን ክር ያንን ቢነካ አለቀለት። ለዋናው ክር ደግሞ አርባ ምንጭ ካሉት አጥማጆች ጋር እንነጋገራለን።

ትልልቅ መንጠቆዎችም ገዛን። እርሳስ ግን ጠፋ። ሻጩ ወደ ምናለሽ ተራ ላከን። እዚያ የማይገኝ ብረት የለም። አንድ ወጣት ከመኪና ጎማ ሚዛን የተነቀለ እርሳስ በቆርቆሮ ሙሉ አወጣና በኪሎ ሸጠልን። የአክስቴ ልጅ ያንን በእጁ ሲመዝን በጉዞው ሁሉ እንዲህ ሲደሰት አላየሁትም። እርግጥ እርሳስ መርዝ ነው፤ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ አይገባም፣ አሜሪካም ውስጥ ትንንሹን የእርሳስ ማጥመጃ የከለከሉ ግዛቶች አሉ።

ማታ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ማኪያቶ ይዘን ተከራከርን። ናይል ፐርች ባስ ነው አይደለም ከማለት በፊት ባስ ራሱ የትኛው እንደሆነ ይንገረኝ አልኩት። ያኔ ነው ሰውዬው የተከፈተው። ሶፍት ላይ እየሣለ አስረዳኝ፤ እኔም የጻፍኩት ይህንን ነው።

የጥቁር ባስ ዝርያዎች የሰንፊሽ ቤተሰብ ናቸው፤ መነሻቸው ሰሜን አሜሪካ ነው። ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸው ሦስቱን ነው። ላርጅማውዝን ለመለየት አፉን ትዘጋለህ። የላይኛው መንጋጋ ጫፍ ከዓይኑ የኋላ ጠርዝ ካለፈ ላርጅማውዝ ነው። ስሞልማውዝ የሚሉት ባለ ትንሽ አፉ ከሆነ መንጋጋው ከዓይኑ መሐል ብዙም አያልፍም። ሁለተኛው ነገር ጎኑ ነው። ላርጅማውዝ አረንጓዴ ሆኖ በጎኑ ላይ አግድም የሚሄድ የተቆራረጠ ጥቁር ጭረት አለው። ስሞልማውዝ ወደ ነሐስ ቀለም ይጠጋል፣ ጭረቶቹም ከላይ ወደ ታች የቆሙ ናቸው። ዓይኑም ብዙ ጊዜ ቀይ ነው።

"ታዲያ ቀላል ነው" አልኩ።

"ቆይ፣ ሦስተኛው አለ።"

ሦስተኛው ባለ ነጠብጣቡ ባስ ነው፤ አትላንታ አጠገብ ያለው የሌኒየር ሐይቅ በእሱ ይታወቃል። ችግሩ ጎኑ ላይ እንደ ላርጅማውዝ አግድም ጭረት አለው። ቀለሙም ይመሳሰላል። ብዙ አጥማጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ እያንዳንዱ ሐይቅ ለእያንዳንዱ ዝርያ የተለየ የመጠን ገደብ ካለው ስህተቱ ያስቀጣል። መለያው ሦስት ነው። መንጋጋው ከዓይኑ አያልፍም። ከጭረቱ በታች ነጠብጣቦች በመስመር ተደርድረዋል። ምላሱን በጣት ስትነካው ደግሞ መሐሉ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ጥርስ አለ። ላርጅማውዝ ላይ ብዙውን ጊዜ ይህ የለም። የጀርባ ክንፉን ደግሞ እየው አለኝ። የላርጅማውዝ የፊተኛው እሾሃማ ክፍልና የኋለኛው ለስላሳ ክፍል መሐል ጥልቅ ስብራት አለ፤ ሁለት ክንፍ ይመስላሉ። በሌሎቹ ሁለቱ ግን ክፍሎቹ በግልጽ የተያያዙ ናቸው።

ቀለምን አትመን የሚለውን ደጋግሞ ነገረኝ። ውሃው ደፍራሽ ከሆነ ዓሳው ይነጣል፣ ሣር ውስጥ ከኖረ ይጠቁራል። መንጋጋና ክንፍ ግን አይለዋወጡም።

አያያዙንም ጠየቅኩት። ባስ የሚሮጥ አዳኝ አይደለም፣ የሚያደፍጥ ነው። የወደቀ ግንድ ሥር፣ ሣር ጠርዝ ላይ፣ የጀልባ ማቆሚያ ጥላ ውስጥ ይቆማል። ማታለያውን ዓሳው ላይ ሳይሆን ከዓሳው አለፍ አድርገህ ትጥላለህ፣ ከዚያ ቀስ አድርገህ ወደ እሱ ታመጣዋለህ። የላስቲክ ትሉን መንጠቆ ጫፉን በራሱ በትሉ ገላ ውስጥ ትደብቃለህ፣ አለዚያ ሣሩ ይይዘዋል። ሲነክስ ክሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ እዚያች ላይ የተኛ ሰው ዓሳ አይዝም። ፀደይ ላይ ውሃው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ወንዱ በጭራው ጎጆ ይጠርጋል፣ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን ይጠብቃል። ያኔ ማንኛውንም የቀረበ ነገር ይነክሳል፤ ርቦት ሳይሆን ተቆጥቶ። በዚያ ወቅት ማጥመድ ነውር ነው የሚሉም አሉ፣ እሱ ከእነሱ ነው።

ከዚያ የሪከርዱን ወሬ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ጆርጅ ፔሪ የሚባል ገበሬ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ላርጅማውዝ ያዘ። ያ ሪከርድ እስካሁን አልተሰበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ማናቡ ኩሪታ ቢዋ ሐይቅ ላይ በአንድ ኦውንስ፣ ማለትም በ28 ግራም ገደማ ብቻ የሚበልጥ ያዘ፤ ደንቡ ከዚያ በላይ ልዩነት ስለሚጠይቅ ሁለቱ እኩል ተባሉ።

"ጃፓን ባስ አለ እንዴ?" አልኩት።

"ወስደውት ነው። እ.ኤ.አ. በ1925።"

ይህችን ነገር ያዝኳት፤ ለእሑድ ጠቀመችኝ።

እሑድ

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ጃንሜዳ ሄድን። ዘንጉን ለመፈተን ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል። መንጠቆ አላሰርንም፤ እርሳስ ብቻ። ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱ፣ የሚሮጡ፣ ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች አሉ። እኛ ጥግ ይዘን አንድ ድሮ ባልዲ የነበረ ነገር አስቀመጥንና እርሳሱን እዚያ ውስጥ ለመጣል እንለማመዳለን።

የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ልጆች ነበሩ። ከዚያ ኳሱ ቆመ። ከዚያ አንድ ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ።

"ልጆች፣ ምን እያጠመዳችሁ ነው?"

"እየተለማመድን ነው ጋሼ።"

"እዚህ ውሃ የሚገኘው ለጥምቀት ነው። ጥር ላይ ኑ።"

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። የአክስቴ ልጅ አልተናደደም፣ ዘንጉን ለጋሼ አቀበላቸው። አወራወሩን አንድ ጊዜ አሳያቸው። ጋሼም ወረወሩ፣ እርሳሱ ባልዲውን አልፎ ሄዶ የአንድ ልጅ ሹራብ ላይ አረፈ። ልጁ ከዚያ በኋላ እንደ ጀግና ነው የሄደው።

ስወረውር እኔ የገባኝ ነገር ጉልበት እንደማይሠራ ነው። አንጓው ብቻ ነው የሚሠራው። ክሩን በጣት ይዘህ በትክክለኛዋ ቅጽበት ካልለቀቅክ እርሳሱ ወይ እግርህ ሥር ይወድቃል ወይ ሰማይ ይወጣል። ለባስ ርቀት ብዙም አይጠቅምም፣ የሚጠቅመው ማነጣጠር ነው። ለናይል ፐርች ግን ሌላ ነው። በጀልባ ሆነህ ትልቅ ማታለያ ከኋላህ እየጎተትክ ትሄዳለህ፣ ወይ ሕያው ዓሳ መንጠቆ ላይ አድርገህ ትጠብቃለህ። ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ስላለ ዳር ቆሞ መወርወር የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም።

ከጃንሜዳ በአራት ኪሎ በኩል ወርደን ወዳጅነት ፓርክ ገባን። ሰው ሠራሹ ሐይቅ ዳር ተቀመጥን። ጠርዙን፣ ጥላውን፣ ድልድዩን እያየ ቆየና ያሰበውን ተናገረ።

"እዚህ ባስ ቢለቀቅበት ምን ይላል? ወይ ገፈርሳ ላይ። ከተማው አጠገብ የሚጠመድ ነገር ይኖር ነበር።"

ጃፓንን አነሳሁበት። ባሱን ለመዝናኛ ብለው ወስደው አሁን ጃፓን ውስጥ በሕግ የተከለከለ ወራሪ ዝርያ ነው፤ በሕይወት ይዞ ማጓጓዝ እንኳ ወንጀል ነው። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ የመጣ ላርጅማውዝ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬም አለ። የራሳችን ናይል ፐርች ደግሞ የባሰውን አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ለቀቁት። ለሠላሳ ዓመት ያህል ዝም ብሎ ኖረ፣ ከዚያ በድንገት በዛ፤ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖሩ ከነበሩ ትንንሽ ዓሳዎች በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ጠፉ ወይም ተመናመኑ። በእርግጥ ንግዱ ብዙ ሰው አብልቷል። የሐይቁ ዳር ሰው ግን ድሮ የሚበላውን ትንሽ ዓሳ አጥቷል።

"እዚህ ግን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው" አለ።

ወንዞቹን አሳየሁት። ባንትይቀጡ እዚሁ ነው የሚያልፈው። የከተማው ወንዞች ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፣ አቃቂ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር ባይደርስም አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ እስኪገባ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ክረምት ሲመጣ ከተማው ውስጥ የትኛው ውሃ የትኛውን እንደማይነካ ማን ይምላል? ጣናም ትዝ አለኝ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉትን ዓሳዎች ስለከለከለ ናይል ፐርች ጣና አልገባም። በዚያ ሰላም ውስጥ ከ15 የማያንሱ በሌላ የትም የማይገኙ፣ ባርበስ የሚባሉ ትልልቅ የዓሳ ዝርያዎች ተፈጥረዋል። አንድ ሰው በባልዲ የያዘው አዳኝ ዓሳ ያንን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል።

መልስ አልሰጠኝም። ማጠንጠኛውን ሲፈታና ሲጠመጥም ቆየ። ከዚያ "ጨዋታ ነው ያልኩት" አለ። የጨዋታ አይመስልም ነበር፤ ግን አለፍኩት።

ሰኞ

በጊዜ ነቅተን እትዬ ዘንድ ሄድን። በረዶ የሞላ ሳጥን ገና ከመኪና እየወረደ ነበር። ውስጡ ሆዱ የጸዳ፣ ጭንቅላቱና ጭራው ያለ ናይል ፐርች አለ። ትልቅ የሚባል አይደለም፣ ግን ሁለት ሰው ይዞ ነው ጠረጴዛ ላይ ያወጣው። "እስከሚቆረጥ ጊዜ አላችሁ" አሉን እትዬ።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ያደረገው አፉን መዝጋት ነው፤ የቅዳሜው ትምህርት። መንጋጋው ዓይኑ ሥር ይደርሳል፣ የታችኛው ከንፈር ወጣ ያለ ነው። "ይኸው!" አለ። አፍንጫው ሁለት ሁለት ነው። ክንፉም የፊተኛው እሾሃማና የኋለኛው ለስላሳ፣ መሐሉ የተሰበረ። እስከዚህ ድረስ ለእሱ ፈረድኩለት፤ ቅርጹ እውነትም ባስ ይመስላል። ሁለቱም አድፍጠው በትልቅ አፍ የሚውጡ አዳኞች ስለሆኑ ኑሮው ቅርጹን አመሳስሎታል።

ከዚያ መቁጠር ጀመርን። ላርጅማውዝ ፊት ላይ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ወይም አሥር እሾህ አለው። ይህኛው ሰባት ወይም ስምንት ነው መሆን ያለበት፤ ቆጠርን፣ ስምንት። እሾሆቹም ከባስ በጣም ይወፍራሉ፣ ሦስተኛው ሹል አጥንት ነው። የጉንጩን ጠርዝ ሲነካ እጁን ቶሎ ሳበ፤ እዚያም ሹሎች አሉ። "ባስን እኮ በአውራ ጣት ከንፈሩን ይዤ ነው የማነሳው" አለ። ይህን ስንጥቡ ሥር እጅ ከትቶ የሚያነሳ ሰው ጣቱን ይዞ አይመለስም፤ ጓንት ልንገዛ ተስማማን።

የወሰነው ግን ጭራው ነው። የባስ ጭራ መሐሉ ገባ ያለ ነው፣ የናይል ፐርች ጭራ ግን እንደ ማራገቢያ ክብ ነው። በጎኑ ያለውን መስመር በጥፍሬ ተከተልኩለት። ባስ ላይ መስመሩ ጭራው ሥር ያቆማል። እዚህ ግን ጭራውን ሰንጥቆ እስከ ጠርዙ ድረስ ሄደ። ይህ ናይል ፐርች የሚመደብበት የላተስ ቤተሰብ ምልክት ነው፤ የአውስትራሊያው ባራመንዲም ላይ አለ። ዓይኑ ላይ ስልኩን ሲያበራ ደግሞ ወርቃማ ሆኖ አንጸባረቀ። ደፍራሽ ውሃና ጨለማ ውስጥ ለማደን የተሠራ ዓይን ነው።

"የት የት አለ?" አለኝ፣ አሁን ድምፁ ተለውጧል።

ጫሞና አባያ፣ ኦሞና ቱርካና፣ ጋምቤላ ላይ ባሮ። የአባይ ዓሳ ነው፤ እነዚህ ውሃዎች በጥንት ዘመን ከአባይ ጋር ይገናኙ ስለነበር ነው እዚያ የደረሰው። መራቢያውም ከባስ የተለየ ነው። ጎጆ አይጠርግም፣ ልጅ አይጠብቅም፤ ሴቷ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ክፍት ውሃ ላይ ትበትናለች። ስለዚህ ጎጆ ጠባቂውን አስቆጥቶ የመያዝ ዘዴ እዚህ አይሠራም።

እትዬ ቢላቸውን አነሱ። ጭንቅላቱን ለሾርባ እንድንወስደው ነገሩን፤ ጉንጩ ላይ ያለው ሥጋ ከሁሉ ይጣፍጣል አሉ። ፔንሲዮኑ ውስጥ የምታበስለው እህት ድስት ከፈቀደችልን ማታ ሾርባ አለ፤ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገዝተናል።

ወረቀቱም አለ። ለዓሳ ሀብት የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 315/1995። ክልሎችም የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ የጫሞ ከፊሉ ደግሞ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። አርባ ምንጭ እንደደረስን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ዓሳ ሀብት ቢሮና ወደ ፓርኩ ነው፤ ጀልባ ከዚያ በኋላ።

ከሰዓት ዕቃ ስናሰናዳ የአክስቴ ልጅ ሐምራዊ ትሎቹን ለብቻ በላስቲክ አሰረ። "ለምን?" አልኩት። "ለቆሮሶ ብሞክርስ?" ቲላፒያ ትል አይነክስም ማለት አይቻልም፤ ሐዋሳ ልጆች በምድር ትል ይይዙታል። ላስቲኩን ግን እንጃ። ትልልቆቹን ማታለያዎች፣ መንጠቆዎቹንና የምናለሽ ተራውን እርሳስ አንድ ሻንጣ ውስጥ ከተትን። ሻንጣው አልነሳ አለ። እርሳሱን ግማሹን ለፔንሲዮኑ ዘበኛ ሰጠነው፤ በር እንዳይዘጋ የሚይዝበት ነገር ሲፈልግ ሰንብቷል።

ሹፌሩ ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ቱቦው ጣሪያ ላይ እንዲታሰር ሐሳብ አቀረበ። የአክስቴ ልጅ እምቢ አለ፤ በጭኑ ይዞት ሊሄድ ነው።

"እስከ አርባ ምንጭ?" አለው ሹፌሩ።

"እስከ አርባ ምንጭ።"

"እንግዲያው የሁለት ሰው ትከፍላለህ።"

አሁንም እየተከራከሩ ነው።